መጀመሪያ ሳሎናችሁን እዩት፦ ስለ ሪሲቨርና ስፒከር ለተሰጠው ምክር የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ቤታቸው ደህና የድምፅ ሲስተም ለማስገባት ለሚያስቡ ሰዎች የተጻፈ ምክር ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። ነገሩን እንደሚወዱት ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ምክራቸው ባጭሩ ይኸው፦ ዋቱ ከፍ ያለውን ሪሲቨር ምረጡ። ስፒከር በበዛ ቁጥር ይሻላል። ዘመድ ካላችሁ ዕቃውን ከአሜሪካ አስመጡ። ስፒከሮቹን ከፍ አድርጋችሁ ጥጋጥጉ ላይ ስቀሉ። ለገመድ ገንዘብ አትሰስቱ። የቀረውን ሪሲቨሩ አብሮት በሚመጣው መለኪያ ማይክራፎን ራሱ ያስተካክለዋል። በመጨረሻም ያገለገለ ዕቃ መግዛት አትፍሩ ይላሉ።

በዚህች በመጨረሻዋ እስማማለሁ፤ እመለስባታለሁ። በቀሩት ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ።

(ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም። ቴሌቪዥኑ፣ ስልኩና ፍላሹ የሚገቡበትን፣ ስፒከሮቹን የሚነዳውን ባለ አምፕሊፋየር ሳጥን ነው።)

ምክሩ ለሌላ ቤት የተጻፈ ይመስላል። ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው ጂፕሰም፣ መብራቱ ዓመቱን ሙሉ ቀጥ ብሎ የሚቆምለት ቤት። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሲስተም ግጠምልን የሚሉኝ ሰዎችም ያሉት ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎና ሱሉልታ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ከላይ ወይ ኮንክሪት ወይ ቆርቆሮ። መብራቱ ደግሞ የምታውቁት ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤት ድምፁን በቅድሚያ የሚወስኑት ክፍሉና መብራቱ ናቸው። ቀጥሎ ስፒከሩ። ሪሲቨሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ጸሐፊው ከመጨረሻው ጀመሩ።

ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት

ሁለት ሪሲቨር ፊታችሁ ካለ ዋቱ የሚበልጠውን አንሱ ይላሉ። የትኛውን ዋት?

መርካቶ ወይም መገናኛ አንዱ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ግቡና ካርቶኑ ላይ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ 5000 ዋት» (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባል የማስታወቂያ ዋት) የሚል ሆም ቲያትር ፈልጉ። አይጠፋም። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ዕቃውን ወደ ኋላ አዙሩት። የመብራት ገመዱ ከሚወጣበት አጠገብ ትንሽ ስቲከር አለች። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ትልና ቀጥላ ዕቃው ከሶኬት የሚስበውን ዋት ትናገራለች። 60 ወይም 80 የሚል ብታገኙ አይግረማችሁ። 80 ዋት የሚበላ ዕቃ 5000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል? በሌላ በኩልም እንየው። 5000 ለ220 ሲካፈል 23 አምፔር ገደማ ይመጣል። የሶኬት መስመር ብሬከር ብዙ ጊዜ 16 አምፔር ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ዘፈኑ መግቢያውን ሳይጨርስ ብሬከሩ ይወርድ ነበር።

መታየት ያለበት አር.ኤም.ኤስ የሚለው፣ ማለትም ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም። ስንት ቻናል (ለየስፒከሩ የሚሄድ የድምፅ መስመር) ባንዴ እየነዳ ነው? በስንት ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ በሚያሳየው ተቃውሞ)? ድምፁ ስንት ከመቶ እስኪዛባ ድረስ? «150 ዋት፤ አንድ ቻናል፣ 6 ኦም፣ 1 ኪሎኸርዝ፣ 10 ከመቶ መዛባት» የሚል ሪሲቨር አለ። «80 ዋት፤ ሁለት ቻናል፣ 8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ፣ 0.08 ከመቶ መዛባት» የሚልም አለ። ሁለቱ አንድ ዕቃ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ለካርቶኑ፣ ሁለተኛው ለመመሪያ መጽሐፉ ነው የሚጻፈው። አሜሪካኖች በዚህ የቁጥር ጨዋታ ስለተሰላቹ እ.ኤ.አ. በ1974 የቤት አምፕሊፋየር ዋት እንዴት መነገር እንዳለበት ደንብ አወጡ። በ2024 ደግሞ አሻሽለው አጠበቁት። የእኛን ገበያ የሚያጠብቅልን ያው ዓይናችን ነው።

እሺ፣ ዋቱ እውነተኛ ነው እንበል። ጆሮ ግን እንደ ዋት አይቆጥርም። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ስትሻገሩ የምታገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል ነው። ልብ ብሎ ላዳመጠ የሚሰማ፣ ላላዳመጠ የሚያልፍ ለውጥ። ድምፁ እጥፍ የጨመረ እንዲመስላችሁ ዋቱ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። 50 የነበረው 500 ማለት ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት ግን ከዋት የሚበልጥ ቁጥር ስፒከሩ ጀርባ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ አለ። ሴንሲቲቪቲ ይባላል። አንድ ዋት ቢሰጠው አንድ ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል ይጮኻል የሚለው ነው። አንዱ ስፒከር 87፣ ሌላው 90 ከሆነ፣ ባለ 90ው በ50 ዋት የሚሰጣችሁን ድምፅ ባለ 87ቱ የሚሰጠው በ100 ዋት ነው። ለሪሲቨር ልትከፍሉት የነበረውን ልዩነት ስፒከሩ በነጻ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ደግሞስ ስንት ዋት ነው የምንጠቀመው? ባለ 87 ዴሲቤል ጥንድ ስፒከር፣ ሦስት ሜትር ርቃችሁ ስትቀመጡ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ዋት ብቻ ሰጥታችሁት ወደ 80 ዴሲቤል ያሰማችኋል። የሰው ወሬ 60 አካባቢ ነው። ከዜና እስከ ድራማ፣ አብዛኛውን ማታ ከአንድ ዋት በታች ነን። የቀረው ለድንገተኛው ምት ነው፤ ከበሮው ሲመታ፣ ፊልሙ ላይ በር ሲሰበር። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን በሐቅ የተለካ ከ50 እስከ 80 ዋት ይተርፋል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጸሐፊውን ልደግፋቸው። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ያላችሁ ሐምሌና ነሐሴን ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ሲጀምር ሰው ቮልዩሙን ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ መጨረሻው ድረስ ይወስደዋል። ደካማ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁን እየቆረጠ ይልካል። ያ የተቆረጠ ድምፅ ትንሿን የቀጭን ድምፅ ስፒከር፣ ትዊተሯን፣ ያቃጥላታል። ስለዚህ ትንሽ ትርፍ ዋት አይከፋም። ግን እውነቱን ለመናገር እንዲያ ሲዘንብ የሚሻለው አጥፍቶ ቡና ማፍላት ነው።

ስለ ኦምም አንድ ነገር። ሪሲቨሩ ለ8 ወይም ለ6 ኦም የተሠራ ከሆነ፣ ወጥ ቤትም ይሰማ ብላችሁ ሌላ ጥንድ በዚያው ቀዳዳ ላይ አትደርቡ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ሲቀጠሉ 4 ኦም ይሆናሉ። ሦስት ሲሆኑ ከ3 በታች ይወርዳል። ሪሲቨሩ ወይ ግሎ ይጠፋል፣ ወይ ራሱን ለመከላከል «ፕሮቴክት» ብሎ ይቆማል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ማለቴ ነው።

ሁለት ወይስ ሰባት?

በአንድ በጀት ሰባት ስፒከር መግዛት ማለት ሰባት ደካማ ስፒከር መግዛት ነው። ጸሐፊው ይህን ዘለሉት።

ቀድሞ ነገር ምን እንሰማለን? ሙዚቃ ሁለት ቻናል ነው። ዩቲዩብ ላይ የምናየው ሁሉ ማለት ይቻላል ሁለት ቻናል ነው። የአማርኛ ድራማውም፣ አብዛኛው የዲሽ ጣቢያም እንዲሁ። ለእነዚህ አምስቱና ሰባቱ ስፒከር የሚሠሩት ያንኑ ሁለት ቻናል መልሶ ማከፋፈል ነው።

ሁለተኛው የቦታ ነገር ነው። በ5.1 አሠራር (አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዎፈር፣ ማለት የቤዝ ስፒከር) የጎን ስፒከሮች መቀመጥ ያለባቸው ከፊት መሃል ተነስቶ ሲለካ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ነው። ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ነው። የእኛ ሶፋ ደግሞ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ኋላ የሚባል ነገር የለም። በግራ የወጥ ቤቱ በር፣ በቀኝ የበረንዳው። ሰባት ስፒከር ካመጣችሁ ሁለቱ የሚቀመጡት ሶፋው ጫፍ፣ እንግዳ ጆሮ ሥር ነው። ፊልሙ ሲጀምር እንግዳው ይዘላል።

ድምፅ ከላይም እንዲሰማ ተብለው ወደ ኮርኒስ የሚተኩሱት የዶልቢ አትሞስ ስፒከሮችማ ሌላ ጣጣ አላቸው። ድምፁን የሚልኩት ወደ ላይ አንጥረው ነው። ስለዚህ ጣራው ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ከፍታውም ከ2.3 እስከ 4.3 ሜትር መሆን አለበት። የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ያስኬዳል። ዳር ዳር ያሉ ብዙ ቤቶች ግን ኮርኒሳቸው መሃሉ የረገበ ችፑድ ነው፤ በድሮዎቹ ቤቶች አቡጀዴም አለ። አቡጀዴ ድምፅ አያነጥርም።

በሁለት ጥሩ ስፒከር ጀምሩ። ሪሲቨሩ ባለ አምስት ቻናል ቢሆን ግድ የለም፤ ቀሪውን ሲሞላላችሁ ትጨምራላችሁ። ሦስተኛው የሚገባው መሃለኛው ነው። ቤተሰቡ ሶፋው ላይ ተደርድሮ ፊልም የሚያይ ከሆነ ጠርዝ ላይ ለተቀመጠው ሰው ንግግሩን ከስክሪኑ ያመጣለታል። ሳብዎፈሩ ከዚያ ይመጣል።

ስፒከር እንዴት ይመረጣል የሚለው ላይ ጸሐፊው አንድ መስመር እንኳ አልሰጡም። እኔ ሱቅ ስሄድ ስልኬ ላይ በገና ይዤ ነው የምሄደው። በገና አሥር ክር አለው። ያን የሚነዝር ድምፁን የሚያመጡት ክሩና ድልድዩ መካከል የሚገቡት እንዝራ የሚባሉ ትንንሽ ቆዳዎች ናቸው። ክሩ ቆዳውን እየነካ ይርገበገባል። ደህና ስፒከር ላይ ዜማው ከሥር ንዝረቱ ከላይ ሆነው ተለይተው ይሰማሉ፤ የደርዳሪው ድምፅም መሃል ላይ ለብቻው ይቆማል። ርካሹ ላይ ሦስቱም ይደባለቁና ስፒከሩ የተቀደደ ይመስላችኋል። ቀጥሎ ማሲንቆ። አንድ ክር ብቻ ነው፣ የፈረስ ጭራ፤ መካከለኛው ድምፅ ሻካራ ከሆነ ወዲያው ያጋልጠዋል። ሻጩ የሚያሰማችሁን ቤዝ የበዛበት ማሳያ ሙዚቃ እሺ ብላችሁ ስሙለት፤ ከዚያ የራሳችሁን አስከፍቱ። ሳጥኑንም በጣታችሁ አንኳኩት። ባዶ ጀሪካን የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ሣጥኑ ራሱ ይዘፍናል ማለት ነው።

ከአሜሪካ የመጣው

ዕቃው ጥሩ ነው፤ ክርክር የለኝም። ጸሐፊው ግን «ትራንስፎርመር ታደርጉበታላችሁ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉት። እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው።

ለአሜሪካ የተሠራ ሪሲቨር አብዛኛውን ጊዜ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ነው። ኋላው ላይ ተጽፏል። ቀጥታ 220 ላይ ከተሰካ ያው አለቀለት። ስለዚህ አውራጅ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ትንሿን፣ ለፀጉር ማድረቂያ ተብላ የምትሸጠዋን አትመኑ። ሪሲቨሩ ኋላ 400 ዋት ይበላል የሚል ከሆነ ከዚያ እጥፍ የሚበልጥ፣ ማለት 1000 ቪኤ (የትራንስፎርመሩ አቅም መለኪያ)፣ ያዙ። ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። ለ60 የተሠራ ብረት በ50 ሲሠራ የበለጠ ይግላል፤ አንዳንዱ ያጉረመርማል። የሞተ አይደለም፤ አየር ይፈልጋል።

ሰዎች ሬዲዮውስ ይይዛል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የአሜሪካ ኤፍ ኤም በ0.2 እየዘለለ ከነጥብ በኋላ ጎዶሎ ቁጥር ላይ ብቻ ያርፋል። ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1። ሦስቱም ጎዶሎ ላይ ናቸው። ይይዛል።

ኪሳራው የሚመጣው ከምሽቱ ቮልቴጅ ነው። ከሰፈር ትራንስፎርመር የራቀ ቤት ውስጥ 220 የተባለው 180 ሲደርስ ተመልክቻለሁ። አውራጁ ግማሹን ነው የሚሰጠው፤ 90 ይሆናል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። ይህን ሁሉ ቆጥራችሁ ከተዋደደላችሁ አስመጡ። አዲስ አበባ ያለ ባለ 220 ዕቃ ትንሽ ቢወደድም ግን ከጣጣ ያድናችኋል።

ጥጉና ከፍታው

ከሁሉም በላይ ያልተስማማኝ ምክር ይኼ ነው።

ስፒከር ጥግ ላይ ሲቀመጥ ቤዙ ይጨምራል፤ ሁለቱ ግድግዳ ይገፉታል። ሰው ይህን ሲሰማ «ወይ ኃይል!» ይላል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ዜና አንባቢው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለዋል። ከፍ ብሎ ሲሰቀል ደግሞ ትዊተሩ የሚያወራው ከራሳችሁ በላይ ላለው አየር ነው። ቀጭኑ ድምፅ ቀጥታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ትዊተሩ ስትቀመጡ ከጆሯችሁ ጋር እኩል ይሁን። ለሶፋ ከ90 ሳንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ማለት ነው።

ርቀቱ ቀላል ነው። በሁለቱ ስፒከር መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዱ እስከ እናንተ ያለው ርቀት እኩል ወይም ለእኩል የቀረበ ይሁን። 2.5 ሜትር ከተራራቁ 2.5 ሜትር ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ትንሽ ወደ እናንተ አዙሩ። ከኋላ ግድግዳ 30 ሳንቲሜትር ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ 50 ከሆነ ደግሞ እሰየው። ቦታ ከሌለና ስፒከሩ ከኋላው የአየር ቀዳዳ ካለው ንጹሕ ካልሲ ጠቅልላችሁ ቀዳዳው ውስጥ ወትፉ። አትሳቁ። ቤዙን ያረጋጋዋል፤ አንዳንድ ፋብሪካ ለዚሁ ሥራ ስፖንጅ አብሮ ይልካል።

ቡፌ ውስጥ አታስገቧቸው። ስፒከሩ ቡፌ ውስጥ ሲሆን ሲኒው ከቤዙ ጋር ይንቀጫቀጫል፤ መስታወቱም አብሮ ይዘፍናል። አንድ ቤት ዘፈኑ ላይ ጽናጽል ያለ መስሎን ቆይተን ነበር። የቡና ሲኒው ነው።

አሁን ክፍሉ። ሳሎናችሁ መሃል ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ ትርርር የሚል ጅራት ከተሰማችሁ ችግራችሁ ሪሲቨር አይደለም። ሴራሚኩ፣ የተለሰነው ብሎኬትና የመስኮቱ መስታወት ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። የፊልም ንግግር አይገባኝም የሚል ሰው ቤት ስሄድ ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው። ስፒከሩና ሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ። ስሱን መጋረጃ በወፍራም ቀይሩት። ከሶፋው ኋላ ያለው ግድግዳ ባዶ ከሆነ ቡሉኮ ስቀሉበት፤ ያምራልም። የጎን ግድግዳውን ለማወቅ እናንተ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ሰው መስታወት ይዞ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ያንሸራት። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የታያችሁበት ቦታ ላይ ነው ድምፁ የሚነጥረው። መጽሐፍ መደርደሪያ፣ ጥልፍ፣ ጋቢ፣ የተገኘው ይሂድበት። ለዚህ ሁሉ የምታወጡት ገንዘብ ከአንድ ሪሲቨር ወደሚቀጥለው ሪሲቨር ከሚያሻግራችሁ ያንሳል፤ ለውጡ ግን ይበልጣል።

ቤዙ ግን በቡሉኮ አይገራም። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል በርዝመቱ በኩል 43 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል። የድምፅን ፍጥነት፣ 343 ሜትር በሰከንድ፣ ለርዝመቱ እጥፍ ማካፈል ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው። እዚያው ነው የሚያርፈው። ለዚህ ነው አንዳንድ የቤዝ ምት ቤቱን ሲያናውጥ ቀጣዩ የሚጠፋው። ግድግዳውን ተደግፋችሁ ከተቀመጣችሁ ያ ድምፅ ይከመርባችኋል፤ የክፍሉ ልክ መሃል ላይ ከተቀመጣችሁ ይጠፋባችኋል። ሶፋውን ከግድግዳው 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር ማስጠጋት ወይም ማራቅ ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

ሳብዎፈር ካላችሁ ቦታውን በዓይን አትምረጡ። ሶፋው ላይ፣ እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡት። ቤዝ ያለበት ሙዚቃ ክፈቱና እናንተ ወለሉ ላይ እንደ ሕፃን እየዳሃችሁ ግድግዳውን ተከተሉ። ቤዙ ሳይበዛ ሳይጎድል እኩል የተሰማበት ቦታ የሳብዎፈሩ ቦታ ነው። በሩ መዘጋቱን አረጋግጡ እንጂ ይሠራል።

ደግሞ የታች ጎረቤት አለ። ከታቻችን ያሉት እትዬ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ ዘፈኑ ደስ ይለኛል፤ ድብ ድቡ ነው ራሴን የሚመታኝ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳው ይይዘዋል፤ ቤዙ በኮንክሪቱ ውስጥ ይሄዳል። ማታ ሪሲቨሩ ላይ ናይት ሞድ የሚለውን አብሩ፤ የሚጮኸውን አውርዶ ዝግ ያለውን ያነሳዋል። ሳብዎፈሩንም ዝቅ አድርጉት።

ገመድ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ለስፒከር 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ይበቃል። ስፒከሩ 5 ሜትር ከራቀ የገመዱ ሬዚስታንስ ደርሶ መልስ 0.12 ኦም ገደማ ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ነው። ኢምንት ነው። ከዚያ ከራቀ 2.5 አድርጉት። ሁለቱም ማንኛውም የመብራት ዕቃ መሸጫ ይገኛሉ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንዳይሸጡላችሁ ብቻ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም።

ከዋጋው ይልቅ ቀይና ጥቁሩ ነው የሚጎዳችሁ። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ተበላልቶ ይጠፋል። ገመዱ ምልክት ከሌለውና ከጠፋባችሁ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ውሰዱ። ገመዱን ከሪሲቨሩ ነቅላችሁ ጫፎቹን ባትሪው ላይ ለቅጽበት ነካ አድርጉ። የስፒከሩ ቆብ (ፊት ለፊት የሚርገበገበው ክፍል) ወደ ውጭ ከተገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ገመድ ቀዩ ነው።

ከቴሌቪዥን የሚመጣውን ድምፅ ደግሞ ኤአርሲ (የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ ሪሲቨሩ የሚመልሰው) በተጻፈበት ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ቀጥሉት። ይህ ነገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሪሲቨራችሁ ከዚያ የቆየ ከሆነ ኦፕቲካሉን፣ ድምፁን በብርሃን የሚያሳልፈውን ገመድ፣ ተጠቀሙ። ስቴሪዮውንም፣ የታመቀውን 5.1ም ያሳልፋል።

ማይክራፎኑ ሁሉን አያውቅም

ዴኖንና ማራንዝ ኦዲሲ፣ ያማሃ ዋይፓኦ የሚሉት አሠራር አላቸው። ማይክራፎኑን መቀመጫችሁ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ስፒከሮቹ ያፏጫሉ፤ ሪሲቨሩ የየስፒከሩን ርቀትና የድምፁን መጠን ይለካል። ጥሩ ነገር ነው። ማይክራፎኑ ግን በጆሮ ከፍታ፣ በማቆሚያ ላይ ይሁን፤ ሶፋው ላይ አይጣል። ጎረቤት ጀነሬተር ሲያስነሳ፣ ከውጭ የኮንክሪት ሚክሰር ሲዞር አትለኩ።

ማይክራፎኑ የጭብጨባውን ጅራት አያጠፋም። ቤዝ የጠፋበት ቦታ ላይ ብትቀመጡም አያመጣላችሁም፤ ዝም ብሎ ዋት ይከምርበታል እንጂ። ከለካ በኋላም ሴቲንጉን ግቡና እዩት። ብዙ ጊዜ ትንንሽ ስፒከሮችን «ላርጅ»፣ ማለት ቤዙን ሁሉ የሚችሉ ትልልቅ፣ ብሎ ይመዘግባል። ሳብዎፈር ካላችሁ ወደ «ስሞል» ቀይሩ፤ ክሮስኦቨሩን፣ ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሳብዎፈሩ የሚሄድበትን ወሰን፣ 80 ኸርዝ ላይ አድርጉት። የሳብዎፈሩን ርቀት ካስቀመጣችሁበት አርቆ ቢጽፍ ግን ተዉት። የሳብዎፈሩን የውስጥ መዘግየት ቆጥሮ ነው።

ያልተጻፈው

ጸሐፊው ስለ መብራት አንዲት ቃል አልጻፉም። ይህን አይቼ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሕንፃው ውስጥ ሁለት ሦስት ቤት አብሮ ሲጋግር አምፖሉ ይደበዝዛል። ሪሲቨሩም ያንኑ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ ከሪሲቨሩ በፊት የስታቢላይዘር ገንዘብ ለዩ። የሪሲቨሩን፣ የቴሌቪዥኑንና የሳብዎፈሩን ዋት ደምራችሁ ትርፍ ጨምሩበት። መብራት ሲመጣ ቆይቶ የሚያስገባው ዓይነት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ግፊት ያልፋል። የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ሶኬት፣ ስታቢላይዘር፣ አውራጅ ትራንስፎርመር፣ ሪሲቨር ነው። መብረቅን ግን ስታቢላይዘር አይመልስም። ደመናው ሲያጉረመርም ሶኬቱን ንቀሉ፤ የዲሹንም ገመድ አብራችሁ።

ሪሲቨሩ ሲበራ እምምም የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ የዲሹን ገመድ ነቅላችሁ ስሙ። ከጠፋ ጥፋቱ የኧርዝ ዑደት ነው፤ ዕቃዎቹ ከመሬት ጋር በሁለት መንገድ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ለዲሽ ገመድ የሚሠራ፣ አንዱን መንገድ የሚያቋርጥ አይሶሌተር ፈልጉለት። የሶኬቱን ኧርዝ ቆርጦ የሚፈታላችሁን ሰው ግን እንዳትሰሙት። ድምፁ ይጠፋል፤ እናንተንም ያደርቃችኋል።

ሙቀቱ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲሠራ የሚታሰበው ለ2,000 ሜትርና ከዚያ በታች ነው። የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም። እኛ ደግሞ ሪሲቨሩን ቡፌ ውስጥ እናስገባና ላዩ ላይ ዳንቴል እናለብሰዋለን። በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ይኼንን ውበት ለቴሌቪዥን ማቆሚያው ተዉለት። ሪሲቨሩ ከላይ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ክፍት ይፈልጋል፤ ላዩ ላይ ምንም አይቀመጥ። መንገዱ ገና አቧራ የሆነበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ዕቃው ከተነቀለ በኋላ የአየር ቀዳዳዎቹን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ።

ያገለገለ ዕቃ

እዚህ ላይ ጸሐፊውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ስፒከር በወጉ ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው። የቆየ ጥሩ ጥንድ ከአዲስ ደካማ ስብስብ ይሻላል። ግን ስትሄዱ ጨርቁን ገልጣችሁ የቆቡን ዙሪያ እዩ። ስፖንጅ ከሆነ በጣት ነካ ስታደርጉት የሚፈርስ አለ። ቆቡን በሁለት ጣት በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት፤ ከፈገፈገ የውስጡ የሽቦ ጥቅል ተቃጥሏል። ሪሲቨሩን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስከፍታችሁ አቆዩት። ሁሉንም መግቢያ እየቀያየራችሁ፣ ቮልዩሙን እያዞራችሁ ስሙ። የቮልዩም ቁልፉ ከተንኮሻኮሸ ዋጋ ማስቀነሻ ነው፤ ይጸዳል። አንዱ ቻናል እየጠፋ የሚመጣ ከሆነ ግን ወይ ሪሌይ (ስፒከሩን የሚያገናኘው የውስጥ ማብሪያ) ነው ወይ ብየዳ፤ የሚሠራላችሁን ሰው ካላወቃችሁ ተዉት። መጨረሻ ላይ አጥፉትና መልሳችሁ አብሩት። ሲበራ ጠቅ ብሎ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። «ፕሮቴክት» ብሎ ከቆመ፣ ሻጩ «ገመዱ ነው፣ ቤት ስትወስደው ይስተካከላል» ቢላችሁም፣ አመስግናችሁ ውጡ።